አደራ የተቀበለ ጆሮ

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የጋራ አዳራሽ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለሰፈሩ ነዋሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው እንዳለ ገልብጬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እዚያ በሩ ላይ የቆማችሁ ልጆች፣ ግቡ እንጂ፤ ከፊት ወንበር አለ። የእድሩ ስብሰባ ረዝሞባችሁ ሳለ ለእኔ ብላችሁ ስለቆያችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። "ይሄ በስልክ አይወራም፣ በአካል ስንገናኝ እነግርሃለሁ" ብሎ የማያውቅ ሰው እጁን ያውጣ። እስቲ። አንድም? አንድም እጅ የለም።

ሐዋሳ ያለችው እህቴ ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። ልጇ ከአለቃው ጋር ተጋጭቶ ሥራ ሊለቅ ነው። ምክር ፈልጋ ነው የደወለችው። ወሬውን ገና ስትጀምር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ተወው በቃ፣ በስልክ አይሆንም" አለችኝ። ምን ምስጢር አለው? ምንም። ልጁ ፖለቲካ አያውቅም፣ ንግድ የለው። ግን ዝም አለች። የልጇን ጭንቀት ለወንድሟ ለመንገር አውቶቡስ ተሳፍራ ልትመጣ ነው።

ይሄ ፍርሃት ከየት መጣ? አይፈረድባትም፣ መሠረት አለው። ግን ጭፍን ነው። ማን እንደሚሰማን፣ ምን እንደሚሰማ፣ በምን ፈቃድ እንደሚሰማ ሳናውቅ ነው የምንፈራው። ዛሬ ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ የስልክ ኩባንያ ስለ እኛ ምን ያውቃል? ሁለተኛ፣ መንግሥት መጥቶ "ስጠኝ" ሲለው ምን ያደርጋል? ሦስተኛ፣ የእኛ ሕግ ምን ይላል?

ወደ አንደኛው ከመግባቴ በፊት ግን ስለ አንዲት ሴት ላውራችሁ።

ያደግሁት ትንሽ የገጠር ከተማ ውስጥ ነው። ስልክ ቤቱ አንድ ክፍል ነበር። ስልከኛዋን እትዬ ነበር የምንላት። ሰው ሊደውል ሲመጣ እጀታውን ታሽከረክራለች፣ ገመዱን ትሰካለች፣ መስመሩ መያያዙን ለማወቅ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች። ስለዚህ መስማቷ አይቀርም። ማን ተበደረ፣ ማን ልጁን ሊድር ነው፣ የማን ልጅ አዲስ አበባ ሄዶ ጠፋ፣ ሁሉም በእሷ ጆሮ ያልፋል።

አንድ ምሽት መርዶ ተደወለ። የጎረቤታችን ልጅ መኪና ተገልብጦበት ሞቷል። እትዬ ለሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ነገረች። እንደምታውቁት መርዶ የሚነገረው ሊነጋጋ ሲል ነው። በዚያው ምሽት የሟቹ እናት ወደ ስልክ ቤቱ መጣች። "ልጄ ዛሬ ደወለ ወይ?" አለቻት። እትዬ "መስመሩ ተበላሽቷል፣ ነገ ይምጡ" ብላ አስቀመጠቻትና ቡና ቀዳችላት። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ካረጀች በኋላ። "እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ስኒውን በሁለት እጄ ያዝኩት" አለችኝ። ባሏ እንኳ ነገሩን ያወቀው ጠዋት ለቅሶውን ሰምቶ ነው።

ሌላም ነገር ነገረችኝ። ዘመኑ የደርግ ነው። አንድ የቀበሌ ሰው መጣና የሦስት ሰዎች ስም ጠራላት። "እነዚህ ለማን እንደደወሉ ከመዝገብሽ አውጪልኝ" አላት። እሷ "ወረቀት አምጣ" አለችው። በዚያ ዘመን "ወረቀት አምጣ" ማለት ምን እንደሆነ እዚህ ያላችሁ ትልልቆቹ ታውቃላችሁ። ሰውየው እየተቆጣ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው። የሁለቱ የለም። የሚፈርምለት አላገኘማ! እትዬ የአንዱን ሰጠችው፣ ወረቀቱን መሳቢያዋ ውስጥ ቆልፋ አስቀመጠች።

ልብ በሉልኝ። ወረቀት በመጠየቋ ብቻ ሁለት ሰው ተረፈ። ሦስተኛውንም ቢሆን ማን እንደጠየቀበት፣ ማን እንደፈረመበት በመሳቢያ ቀረ። ቋንቋችን ለሰላይ "ጆሮ ጠቢ" የሚል ስም አለው። እትዬም የምትሠራው በጆሮዋ ነበር። ግን ጆሮ ጠቢ አልነበረችም። አደራ የተቀበለ ጆሮ ነው የነበራት። የዛሬ ጉዳዬ ይኸው ነው። የስልክ ኩባንያ የእትዬ ወራሽ ነው። ወረቀት ይጠይቃል ወይ?

አሁን ወደ አንደኛው ልግባ። ኩባንያው ምን ያውቃል?

ብዙ ሰው "ስልክ ተጠለፈ" ሲባል አንድ ሰው የሆነ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ወሬያችንን የሚያዳምጥ ይመስለዋል። እንዲህም ይደረጋል። ነገር ግን ወሬውን ሳይሰሙ ማወቅ ይቻላል። ለማን ደወልክ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ለስንት ደቂቃ፣ ከየትኛው ታወር ሥር ሆነህ። ኩባንያው ይህን ለሂሳብም ለመስመሩም ሲል ይመዘግባል። ባለሙያዎቹ ሜታዳታ ይሉታል፤ እኔ የጥሪ መዝገብ እላለሁ።

የጥሪ መዝገብ ምን ያህል እንደሚናገር በራሴ ደርሶብኝ ነው ያወቅሁት። ወጣት ሳለሁ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ነበር። የሚደወለው በማዞሪያ በኩል ነው፣ የተደወለው ቁጥር ሁሉ በወረቀት ይወጣል። አንድ ቀን አለቃዬ አስጠራኝ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። "ሳንባህን እየታከምክ ነው?" አለኝ። ደነገጥኩ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእናቴ እንኳ። እንዴት አወቀ? በወረቀቱ ላይ የአንድ ክሊኒክ ቁጥር አለ፣ ብዙ ጊዜ። ቀጥሎ የመድኃኒት ቤት ቁጥር። ቀጥሎ የወንድሜ፣ ለረጅም ደቂቃ። በቃ። አንድም ቃል አልሰማም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያየው። ከዚያ ቀን በኋላ አብሮኝ ቡና የሚጠጣ አልነበረም። መድኃኒቱን ጨርሼ፣ ድኜ እንኳ ስኒዬ ለብቻው ይቀመጥ ነበር። ያ ስኒ እስከ ዛሬ ከዐይኔ አይጠፋም።

ያ እንግዲህ የአንድ ጠረጴዛ ስልክ ነው። የዛሬው ስልክ ደግሞ አብሮን ይሄዳል። ከዚህ ተነስታችሁ በታክሲ ቃሊቲ ስትደርሱ፣ ከዚያ ሳሪስን አልፋችሁ መስቀል አደባባይ ስትወርዱ፣ ስልካችሁ ከአንዱ ታወር ወደ ሌላው እየተቀባበለ ይወስዳችኋል። ባትደውሉም። ኪሳችሁ ውስጥ ዝም ብሎ ቢቀመጥም። ጥሪ ሲመጣ እንዲያገኛችሁ የት ሰፈር እንዳላችሁ ማወቅ አለበት። አሠራሩ ነው፣ ክፋት የለውም። ጥያቄው መዝገቡን ማን ያያል የሚለው ነው።

አሜሪካ ውስጥ ቲሞቲ ካርፔንተር የሚባል ሰው በዘረፋ ተከሶ ነበር። ፖሊስ ከስልክ ኩባንያ የ127 ቀን መዝገቡን ወሰደ። ውስጡ 12,898 የቦታ ምልክት ነበረ። በቀን ወደ መቶ ማለት ነው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2018፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ እንዲህ ያለውን መዝገብ ለመውሰድ የዳኛ ማዘዣ ያስፈልጋል አለ። በዘረፋ የተከሰሰ ሰው ነው፤ ግን ወረቀት አምጡ ተባለ።

ይኸው ሁለተኛው ነጥብ መጣ። መንግሥት "ስጠኝ" ሲል ኩባንያው ምን ያደርጋል?

ታሪኩ አሮጌ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀምሮ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ትልልቆቹ የአሜሪካ ቴሌግራም ኩባንያዎች ወደ ውጭ የሚሄደውንና ከውጭ የሚመጣውን የቴሌግራም ቅጂ ለመንግሥት ሲሰጡ ኖረዋል። ሠላሳ ዓመት! ደንበኛው አያውቅም። የዳኛ ትእዛዝ የለም።

ከዚያ ማርክ ክላይን የሚባል ሰው መጣ። ይህን ሰው እወደዋለሁ። ኤቲ ኤንድ ቲ የሚባለው የአሜሪካ ስልክ ኩባንያ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ የሠራ ቴክኒሻን ነው፤ ገመድ የሚቀጥል፣ መስመር የሚጠግን፣ እንደኛው ሠራተኛ። ሳን ፍራንሲስኮ ፎልሰም መንገድ ላይ ያለው ሕንፃ ውስጥ 641ኤ የሚባል ክፍል ነበር። ተራ ሠራተኛ አይገባበትም። ክላይን ሥራውን ሲሠራ ገመዶቹን ተከተለ። የኢንተርኔቱ ፋይበር ላይ ብርሃኑን ለሁለት የሚከፍል መሣሪያ ገብቷል። አንዱ ወደ ደንበኛው ይሄዳል። ሁለተኛው ቅጂ ወደዚያ ክፍል። ክፍሉ ደግሞ የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ኤንኤስኤ የሚባለው መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው።

አስቡት። የአንድን ተጠርጣሪ መስመር ለይቶ መጥለፍ አንድ ነገር ነው። ይሄ ግን ወንዙን እንዳለ መገልበጥ ነው።

ክላይን በ2004 እ.ኤ.አ. ጡረታ ወጣ። በ2006 ሰነዶቹን ይዞ ለመብት ለሚከራከሩ ጠበቆች ሰጠ። ኩባንያው ተከሰሰ። ደንበኞች "አደራችንን በላችሁ" አሉ። ከዚያስ? በ2008 የአሜሪካ ምክር ቤት ሕግ አወጣ። ሕጉ የተባበሩትን ኩባንያዎች ከክስ ነፃ አደረጋቸው። ክሱ ተዘጋ። ወደ ኋላ ሄዶ ይቅር የሚል ሕግ! ዳኛው ሊፈርድ የነበረውን ነገር ሕግ አውጪው ደምስሶ አስቀረው። ክላይን በ2025 አረፈ። አንድም ቀን "ተሳስቼ ነበር" ሳይል።

እና ሁሉም ሰጡ? አይደለም። ኩዌስት የሚባል ኩባንያ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጆሴፍ ናቺዮ የደንበኞቹን የጥሪ መዝገብ ሲጠየቅ "የፍርድ ቤት ትእዛዝ አለ ወይ?" አለ። የለም። በሕጉ መንገድ ለመሄድም ጠያቂዎቹ አልፈለጉም። ስለዚህ አልሰጥም አለ። ይህ ሰው በኋላ በአክሲዮን ንግድ ወንጀል ተከሶ ታስሯልና ጻድቅ አላደርገውም። ነገር ግን ያን ቀን የጠየቀው ጥያቄ የእትዬ ጥያቄ ነው።

የኤንኤስኤን ምስጢር ለጋዜጠኞች የሰጠው ኤድዋርድ ስኖውደን በሰኔ 2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው ሰነድ ደግሞ የፍርድ ቤት ወረቀት ነበር። ወረቀት አለ ማለት ነው! ግን ምን ይላል? ቬራይዘን የሚባለው ኩባንያ የንግድ ክፍሉን ደንበኞች የጥሪ መዝገብ በሙሉ በየቀኑ ያስረክብ ይላል። የአንድ ሰው ስም የለበትም። በምስጢር የሚሠራ ፍርድ ቤት ነው የሰጠው፣ ኩባንያውም ለማንም እንዳይናገር ታዟል። ስለዚህ ወረቀት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ወረቀቱ ስም ይኑረው፣ ምክንያት ይኑረው፣ ማብቂያ ቀን ይኑረው። እትዬ "የከተማውን ሰው ሁሉ" የሚል ወረቀት ቢመጣላት ምን ትል ነበር?

አንድ ታሪክ ልጨምር፤ ይሄኛው እንቅልፍ የሚነሳ ነው። ግሪክ። ቮዳፎን ግሪክ የሚባለው የስልክ ኩባንያ የሚጠቀምባቸው የኤሪክሰን መሣሪያዎች ለፖሊስ ጠለፋ የሚሆን በር አብሯቸው ተሠርቷል። በሕግ ለሚፈቀደው ጠለፋ ማለት ነው። አንድ ያልታወቀ ወገን በዚያ በር ገባ። በ2004 እና በ2005 እ.ኤ.አ. ከመቶ በላይ ስልኮች ተጠለፉ። የማን የማን? የጠቅላይ ሚኒስትሩ የኮስታስ ካራማንሊስ፣ የሚኒስትሮች፣ የጋዜጠኞች። ነገሩ በታወቀ ሰሞን፣ መጋቢት 2005 ላይ፣ የኩባንያው የኔትወርክ መሐንዲስ ኮስታስ ጻሊኪዲስ ቤቱ ውስጥ ተሰቅሎ ተገኘ። ቤተሰቡ ራሱን አላጠፋም ብሎ ዓመታት ተከራከረ። ኩባንያው 76 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጣ።

ለምን ነገርኳችሁ? "መንግሥት ይስማ፣ እኔ ምን አጠፋሁ" የሚል ሰው ስላለ ነው። ለአንዱ የተከፈተ በር ለሌላውም ይከፈታል። በሩ ማን እንደገባበት አይመርጥም። ያ በር ጠቅላይ ሚኒስትሩን አላዳነም፣ እናንተን ያድናል?

ያው ቮዳፎን በሰኔ 2014 እ.ኤ.አ. ስለ 29 አገሮች ሪፖርት አወጣ። በጥቂት አገሮች የመንግሥት አካላት ኩባንያውን ሳይጠይቁ በቀጥታ ኔትወርኩ ውስጥ እንደሚገቡ በግልጽ ጻፈ። ኩባንያው ማን እንደተሰማ አያውቅም፣ ስለዚህ እንቢ የሚልበት ጊዜም የለውም። ይሄ ማለት እትዬን ከስልክ ቤቱ አስወጥቶ ቁልፉን መውሰድ ነው። ቮዳፎን ሩቅ እንዳይመስላችሁ፤ በቮዳኮም በኩል የሳፋሪኮም ባለድርሻ ነው።

ሦስተኛው ነጥቤ የእኛው አገር ነው።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ተዘረጋ። ከዚያ ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ ስልክና መንግሥት አንድ ቤት ኖረዋል። ሁለተኛ ኩባንያ፣ ሳፋሪኮም፣ ገበያ የገባው በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. መካከል ነው። ስለዚህ ለብዙ ጊዜ "ኩባንያው ለመንግሥት ይሰጣል ወይ" ብሎ መጠየቅ ራሱ ግር ይል ነበር። ኩባንያው የመንግሥት ነዋ!

ሕጉ ግን አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት አይደፈርም ይላል። በስሙ ጠርቶ፣ ስልክ ብሎ። መብቱ የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠር፣ በዝርዝር ሕግ ብቻ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652 ደኅንነቱ በፍርድ ቤት ፈቃድ ስልክ እንዲጠልፍ ፈቀደ፣ አገልግሎት ሰጪው እንዲተባበርም አዘዘ። በወረቀት ላይ ዳኛ አለ። በተግባርስ? የሰብአዊ መብት ተሟጋቹ ሂውማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሪፖርት ታስረው የነበሩ ሰዎች ተናግረዋል። መርማሪዎች የስልክ ንግግራቸውን ቅጂ እንዳሰሟቸው፣ ከውጭ አገር የተደወለላቸውን ዝርዝር ዘርግተው እንደጠየቋቸው። ያ አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል። ትዝታው ግን አልተተካም። የእህቴ ድምፅ ዝቅ የሚለው ከዚያ የተነሳ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ደግሞ አገልግሎት ሰጪው የግንኙነት መዝገብ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያስቀምጥ ያዝዛል። በዚሁ የወንጀል ጉዳይ አስቸኳይ ሲሆን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ዛሬ ፍትሕ ሚኒስቴር የሆነው፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ጠለፋ ሊፈቅድ ይችላል፤ ምክንያቱን ግን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ማቅረብ አለበት። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጣ። ጠባቂው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እሰይ ብያለሁ፣ ከልቤ። ከዚህ ቀደም በር የምናንኳኳበት መሥሪያ ቤት እንኳ አልነበረንም።

ቅድም አንድ ወጣት በር ላይ "ጋሼ፣ ሰው አግተው በስልክ ገንዘብ ሲጠይቁስ?" ብሎኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የኔ ልጅ ቢታገት ፖሊስ ያንን ቁጥር በደቂቃ ውስጥ እንዲከታተል እፈልጋለሁ። እለምናለሁም። ማንም ወላጅ ይለምናል። አዳሩን ሁሉ ዳኛ ፍለጋ ይሂዱ አልልም፤ ሕጉ የአስቸኳይ ጊዜ መንገድ ሊኖረው ይችላል። የምለው ይህ ነው፤ ማን ጠየቀ፣ ለምን ጠየቀ፣ ስንት ሰዓት ላይ አየ የሚለው ይጻፍ። ጉዳዩ ሲያልቅ ዳኛ ይየው። አጋቹን ለመያዝ የተከፈተ መዝገብ በማግስቱ ሚስቱን የሚጠረጥር ባል ጓደኛ እጅ እንዳይገባ ነው የምጨነቀው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ በቴሌኮም የምትሠሩ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስም አልጠራም። እናንተን እለምናለሁ። ስክሪናችሁ ላይ የሚመጣው ቁጥር የሰው ገመና ነው። "ይሄን ቁጥር እይልኝማ" የሚል ጓደኛ ይመጣል፣ የሚል አለቃም ይመጣል። ጓደኛውን እንቢ በሉት። አለቃውን "በደብዳቤ ያድርጉልኝ" በሉት። ይከብዳል። አውቃለሁ፣ እንጀራ ነው። ግን እትዬም ደመወዝተኛ ነበረች።

ከኩባንያዎቹ ደግሞ አንድ ነገር እንጠይቅ፣ እንደ ደንበኛ፣ በጨዋ ቃል። በዓመት ስንት ጥያቄ መጣላችሁ? ስንቱ የዳኛ ትእዛዝ ነበረው? ስንቱን መለሳችሁ? የማንንም ስም አንፈልግም፣ ቁጥሩን ብቻ። ካርድ በሞላሁ ቁጥር ሒሳቤን እስከ ሳንቲሙ ትነግሩኛላችሁ። ይሄን መንገር ያቅታችኋል?

አንቀጽ 26ን ፎቶ ኮፒ አድርጌ አምጥቻለሁ፤ በሩ ጋ ካለው ጠረጴዛ አንዳንድ ውሰዱ። ለእህቴም አንድ አስቀርቻለሁ። አሁን ጥያቄ። እዚያ ነጠላ የለበሱት እናቴ ቅድም እጃቸውን አውጥተው ነበር፤ እሳቸው ይጀምሩ።